በምስጋና የተጋለጠች ልጅ

ጡረታ የወጣሁ ለት ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ቆሎና ለስላሳ ቀርቦ፣ ዳይሬክተሩ ንግግር አድርጎ፣ እኔም ትንሽ አልቅሼ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና "እማማ፣ ቴሌግራም ላይ ወጥተሻል" አለችኝ። አየሁት። ጋቢዬን ለብሼ ቆሜያለሁ። ከሥሬ የጡረታ ደብዳቤዬ እንዳለ ፎቶ ተነስቶ ተለጥፏል። የትውልድ ዘመኔ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሬ፣ የባንክ ሒሳቤ፣ ስልኬ፣ ሁሉም ወለል ብሎ ይነበባል። ከላይ "እናታችን፣ መልካም የዕረፍት ዘመን" ይላል። እኔ ዕድሜዬን ከባሌ እንኳ ቀንሼ የነገርኩ ሴት ነኝ። ያን ቀን ቆቦ በሙሉ አወቀው።

መጀመሪያ ሳቅኩ። የሰው ልጅ ፋይል ስጠብቅ አርጅቼ የራሴን ፋይል አደባባይ አወጡልኝ፤ እንዴት አልስቅ? ኋላ ግን ሳቄ አልቆየም። ያ ቴሌግራም ከዚህ በፊት አንዲት ልጅ አሳጥቶኛል። ይህን የምጽፈውም በእሷ የተነሳ ነው፤ ስለ ጋቢው ፎቶማ የራሳቸው ጉዳይ።

ሥራ የጀመርኩት ሮቢት ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ አንድ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ደመወዙን ባላነሳው ይሻላል። ክፍሉን የያዙት ጋሼ ሞላ የሚባሉ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። መምህራኑ "የንጉሥ ግምጃ ቤት የሚጠብቁ ይመስላቸዋል" እያሉ ያሟቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ ፋይል አያያዝ ነው። ፋይል ከመደርደሪያ ሲወጣ ስም ያለበት ገጽ ወደ ደረት፣ ጀርባው ወደ ሰው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በግንባሩ ይደፋል። ለሽንት እንኳ ብትወጪ ትመልሺዋለሽ። ይህን ሁሉ ለአንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ካርድ? እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

ከብስኩት ካርቶን የቆረጧት አንዲት ቁራጭ ነበረቻቸው። መሐሏ ላይ አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አላት። ወላጅ ሊፈርም ሲመጣ ካርቶኗን ሮስተሩ ላይ ይጭኗታል፤ ሰውየው የልጁን መስመር ብቻ አይቶ ይፈርማል። "እስኪ የእነ እከሌን ልጅ ላስተያይ" ብሎ ካርቶኗን በጣቱ ገፋ የሚያደርግ አይጠፋም። ጋሼ ሞላ ያን ጊዜ ጣቱን በማስመሪያ ቸብ ነው። ሽማግሌ ሳይቀር መትተዋል። በመስኮት ደግሞ የልጅ ውጤት በቃል አይናገሩም። በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ያሳዩና ወረቀቷን መልሰው ተቀብለው ኪሳቸው ይከቷታል። ኪሳቸው ሁልጊዜ እንዳበጠ ነበር።

ስለ ልጅ ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ነበራቸው። "ለልጁ ምኑ ነህ?" እና "መምጣትህን ልጁ ያውቃል?" ሰው በሁለተኛው ይናደዳል። አንድ የገበያ ቀን ደህና ጋቢ የለበሰ ሰው መጣና የአንድ ልጅ አጎት ነኝ አለ። ልጁ ከቆላ መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ነው።

"ክፍሉ የቱ ነው?" አለ ሰውየው።

"መምጣትህን ልጁ ያውቃል?"

"ድንገት ደርሼ ደስ ላሰኘው ብዬ ነው።"

"እንዲህ የሚባል ልጅ እኛ ዘንድ አይማርም" አሉት ጋሼ ሞላ። ልጁ ከግድግዳችን ወዲያ ቁጭ ብሎ ሒሳብ ይማር ነበር። ሰውየው ሲሄድ ለምን እንደዋሹ ጠየቅኋቸው። "አጎት የሆነ ሰው ከክፍሉ በፊት ጤንነቱን ይጠይቃል" አሉኝ። ደመኛ መሆኑን ኋላ ሰማን። የልጁ አባት ወንድሙን ገድሎበታል። ደሙ በሽማግሌ እስኪደርቅ ድረስ ልጁ በጓሮ በር ይገባና ይወጣ ነበር፤ አድጎ ዛሬ ወልዶ ከብዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ በጋሼ ሞላ መሳቅ ተውኩ። "አደራ ነው" ይሉ ነበር። "ጎረቤትሽ ዕቃ አደራ ሰጥታሽ ብትሄድ ለመንገደኛ ሁሉ ታሳያለሽ?"

ከሮቢት ዋጃ፣ ከዋጃ ደግሞ ቆቦ ተዛወርኩ። አለቆች ተፈራረቁብኝ። ደጉም ክፉውም አንድ ነገር ይወዱ ነበር፣ መለጠፍ። ውጤት ይለጠፋል፣ የተቀጣ ይለጠፋል፣ የቀረ ይለጠፋል። አንዱ አለቃዬ ደብተር በነጻ የሚሰጣቸውን ልጆች ስም ቢሮ በር ላይ ለጠፈ፤ ከስሙ ጎን "ምክንያት" የሚል ዓምድ አበጅቶለት። "አባቱ የማይታወቅ"። "እናቷ የአእምሮ በሽተኛ"። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ተሰብስበው እየጮኹ ያነቡታል። እኔ ዓምዱን በምላጭ ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የደመወዝ ቅጣት ደረሰኝ፤ ጣፈጠኝ። አለቃዬ ግን "ግልጽነት ነው" እያለ ሌላ ጻፈ፤ ደብተሩን ሊወስድ የመጣ ልጅ ግን ጥቂት ነበር።

ቆቦ ላይ ኮምፒውተር መጣ። የተማሪው መረጃ ሁሉ ከነፎቶው ይግባ ተባለ፤ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቀበሌ፣ አሳዳጊ፣ ስልክ። የአይሲቲ መምህሩ ቅን ልጅ ነው፤ ሌት ተቀን ሠርቶ አስገባው። የእኔ ካዝና ቁልፍ ነበረው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የይለፍ ቃል ነበረው፤ የይለፍ ቃሉም ማንም እንዳይረሳው ተብሎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ብናገር "እትዬ ዘሃራ፣ ዘመኑን ይምሰሉ እንጂ" ተባልኩ። እኔም ዘመኑን መስዬ ዝም አልኩ።

ልጅቷ የመጣችው ያኔ ነው። ስሟን አልጽፍም። ቀበሌዋንም፣ ሃይማኖቷንም፣ የአክስቷን ሥራም አልጽፍም። አገሩ ጠባብ ነው፤ ትንሽ ከሰጠሁት ሰው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ምዝገባ ካለቀ በኋላ አክስቷ እጇን ይዛ መጣች።

"መሸኛዋስ?" አልኳት።

"መሸኛ የላትም እህቴ። ካርዷን ብቻ ነው በጉያዋ ይዛ የመጣች። ተደብቃ ነው።"

"ከማን?"

"ካባቷ። ለሰው ቃል ሰጥቶባታል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ጥሎሹ ተበልቶ አልቋል። አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ናት በማለዳ መኪና የጫነችልኝ።" ልጅቷ ይህ ሁሉ ሲወራ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጊዜ ሰሌዳ ታነብ ነበር።

ወደ ዳይሬክተሩ ይዣቸው ገባሁ። እሱም ሰምቶ "አብሽሩ" አለ። "እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም።" ከልቡ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር።

ልጅቷ ስድስተኛ ገባች። ፋይሏን ከሌሎቹ ለይቼ በእኔ ቁልፍ ያዝኩት። አልፎ አልፎ በእረፍት ሰዓት ወደ መስኮቴ ብቅ ትላለች።

"እትዬ፣ የጠየቀ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እሺ" ብላ ወደ ጓደኞቿ ትሮጣለች። ሌላ ወሬ አልነበረንም። በዓመቱ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፤ ሰባተኛ ላይ ደግሞ ከሁሉም ክፍል አንደኛ። ሒሳብ መምህሯ ወረቀቷን ይዞ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ያሳይ ነበር። እኔ እንደ ሌላው ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ የወላጆች ቀን መድረክ ላይ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ስሙ ከነአያቱ ይጠራላ። ልጅቷን ጠራኋትና "የዚያን ለት አሞኛል ብለሽ ትቀሪያለሽ" አልኳት።

"አንደኛ ብወጣም?"

"አንደኛ ብትወጪም።"

አቀረቀረች። ልጅ ናት፤ እንዲጨበጨብላት ትፈልጋለች። ሽልማቷን እኔ አመጣልሻለሁ አልኳት። ዳይሬክተሩንም መድረክ ላይ ስሟን እንዳይጠራ ለመንኩት፤ "ይሁን" አለኝ። ቃሉንም ጠበቀ። "አንደኛዋ ተማሪ ታማ አልመጣችም" ብሎ አለፈ። ሰውም ላልመጣችው ልጅ አጨበጨበ። ሽልማቷን፣ መዝገበ ቃላትና እስክርቢቶ ነበር፣ በነጠላዬ ሸፍኜ ለአክስቷ አደረስኩ፤ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጅ ነጂው "የናንተዋ ልጅ ጉድ አረገች አይደል?" አለኝ። ስልኩን አሳየኝ። ከኮምፒውተሩ የወጣው ፎቶዋ፣ ከዙሪያው አበባ። ስሟ ከነአያቷ። የመጣችበት ቀበሌ። "ከገጠር መጥታ ቆቦ ከተማ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ በመማር አንደኛ የወጣች፣ ለሴት ልጆቻችን ምሳሌ የምትሆን" ይላል። ከሥሩ ሰዉ እየተቀባበለ እጅ ያጨበጭባል። ዳይሬክተሩ ቢሮ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

"ምንድን ነው ያደረጋችሁት?"

"ምን ክፉ ነገር ተጻፈ እትዬ ዘሃራ? አመሰገንናት እኮ።"

"ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም አላልክም?"

"መድረክ ላይ አትጥራ አሉኝ፣ አልጠራሁም" አለ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። "ቴሌግራሙን… እሱን አላሰብኩትም። ነውር ቢሆን አስብበት ነበር። መልካም ነገር ነው ብዬ…" የአይሲቲ መምህሩ አጠገቡ ቆሟል፤ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ማንም አልነገረውማ።

እኛ እንዲህ ነን። ነውር መሸፈን እናውቅበታለን። የሰው ልጅ ብትሳሳት መንደሩ ሙሉ አፉን ይዞ ይከድናታል፤ የሌባ እናት ፊት ስለ ሌብነት አናወራም። ለምስጋና ግን መክደኛ የለንም። መልካም ነገር ሰው የሚጎዳ አይመስለንም፤ ስለዚህ ማንንም ሳንጠይቅ ገበያ እናወጣዋለን። ዳይሬክተሩ ልጅቷ ሌባ ብትሆን ኖሮ ስሟን በደንብ ይጠብቅላት ነበር። ወዲያው አጠፉት፤ ምን ዋጋ አለው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሮቢትም ዋጃም ደርሷል፤ ከዚያም አልፎ ቆላ ወርዷል።

አባቷ ክረምቱ ሳይከብድ መጣ። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ነበር። ጭራቅ ስጠብቅ ኮንጎ ጫማ የተጫማ፣ ከሲታ፣ ድምፁ የማይሰማ ገበሬ ገባ።

"የጎረቤት ልጅ ነው በስልኩ ያሳየኝ" አለኝ። "እኔ ማንበብ አልችልም፤ መልኳን ግን አወቅሁት። አንደኛ ወጣች ሲሉኝ አለቀስኩ፣ እህቴ።"

"እንግዲያ ተዋት ትማር።"

"እኔ ብተዋት እነሱ ይተዉኛል? ጥሎሻቸውን በልቻለሁ። ጠፋች ስላቸው አምነውኝ ነበር፤ የጠፋ ምን ይደረጋል ብለው ተቀምጠው ነበር። አሁን እነሱም አዩት። 'ልጅህ ቆቦ ናት፣ አምጣ' አሉኝ። ምን ልበል?"

ለካ መጥፋቷ ለሱም መሸሸጊያው ኖሯል። እኛ በአንድ ፎቶ የሁለቱንም ገፈፍን።

ሽማግሌዎቹ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። መሸኛዋን ስጡንና ይዘናት እንሂድ፣ አገሯ ትማር አሉ። አገሯ ትማር! ያስመዘገበቻት አክስቷ ናት፣ ያለሷ ወረቀት አይወጣም አልኩ። "ትምህርት ቤት ካባት ይበልጣል?" አለ አንዱ ሽማግሌ። ዳይሬክተሩ አንዴ እኔን አንዴ እነሱን አየ። በኋላ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ "እትዬ ዘሃራ፣ ፋይሉን ያምጡት" አለኝ።

"ቁልፉን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ላምጣ" አልኩ። ቁልፉ ደረቴ ውስጥ ነበር። በሩን እንደወጣሁ ባጃጅ ይዤ ወደ አክስቷ ቤት በረርኩ። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ዩኒፎርሟን እያጠበች ነው። ገና ስታየኝ ገባት። አክስቷ ልብስ መሰብሰብ ጀመረች፤ ልጅቷ ግን እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ቆማ ቀረች።

"እትዬ፣ ማን ነገራቸው?"

"እኛ" አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ስታለቅስ አላየሁም። ዩኒፎርሟን ጨምቃ፣ እርጥቡን በፌስታል ጠቅልላ ያዘች። አክስቷ መንገድ ዳር አውጥታ ሚኒባስ ላይ አሳፈረቻት። ወደ የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም፤ ባውቅም አልጽፈውም ነበር።

ተመልሼ ቁልፉ ጠፍቷል አልኩ። ዳይሬክተሩ ጮኸብኝ፤ አባትየው ግን አልጮኸም። ከአክስቷ ቤት ባዶ እጁን ሲመለስ የሰው ስልክ ቁጥር አስጻፈና "ካገኛችኋት ደውሉልኝ" ብሎ ሄደ። ቁልፉ ሲገኝ፣ መቼም መገኘቱ አይቀርም፣ ዳይሬክተሩ በፊቴ ፋይሏን ከፍቶ ቁጥሩን ከካርዷ ጋር በስቴፕለር አያያዘው። "ጉዳዩ በሥርዓት ይያዝ" አለ።

ብዙም ሳይቆይ ጡረታዬ ደረሰ። የተካኝ ልጅ ፈጣን ነው፤ እንደኔ ሰው አያጉላላም ይሉታል። መሸኛ የጠየቀ ተማሪ ስምና የሚሄድበትን ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፤ ወላጅ ከሩቅ ተንከራቶ እንዳይመጣ። ሁሉም ያመሰግነዋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ብዬ ብነግረው "እትዬ፣ ጅቡ ማን ነው?" ብሎ ሳቀ። የልጅቷንም ፋይል ወደ ዋናው መደርደሪያ መልሶታል፤ በፊደል ተራ፣ ለማንም እንዲቀል።

በቀደም ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። "እትዬ ዘሃራ?" አለች። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩና የልጅ ልጄ አጠገቤ መኖሯን ሳይ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ስልኬን ከአክስቷ ነው ያገኘችው። ያለችው አንድ ከተማ ነው። ቀን ሰው ቤት ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች።

"እትዬ፣ የሰባተኛ ካርዴን ሰው ሳያየው ማውጣት ይቻላል?"

አሰብኩ። ካርዱ ያለ መሸኛ አይወጣም፤ መሸኛው ላይ ደግሞ የምትሄድበት ትምህርት ቤት ይጻፋል። ፋይሉን የከፈተው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የአባቷን ቁጥር ነው፤ ተተኪዬም ቅን ነው፣ ይደውላል፤ ካልደወለም ይለጥፈዋል። ከሮቢት ጀምሮ ለስንት ልጅ "ሰነድሽን አትጣይ፣ ሰነድሽ እጅሽ ነው" ስል የኖርኩ ሴት ነኝ።

"አይቻልም ልጄ" አልኳት። "ተይው።"

"እሺ። ለነገሩ ስድስተኛ ገብቻለሁ። ሰነዴ በጦርነቱ ጠፋ ብያቸው ፈትነው አስገቡኝ።" ሰባተኛን በአንደኝነት የጨረሰች ልጅ ስድስተኛን እንደገና ትማራለች። ዕንባዬ መጣ፤ እንዳትሰማኝ ስልኩን ከአፌ አራቅሁት።

"ትምህርቱስ?" አልኳት መለስ ብዬ።

"ቀላል ነው፤ ሁሉንም አውቀዋለሁ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እዚህም እስከ ሦስተኛ የወጣውን ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ። እኔ ፈተና ላይ ጥቂት ጥያቄ አውቄ እሳሳታለሁ። ይኸው አራተኛ ወጣሁ።" በራሷ ኮርታለች፤ ድምጿ ያስታውቃል።

"ጎበዝ" አልኳት። ከዚያ የሥራ ልማድ ነውና ሥርዝ ድልዝ መለየት የለመደው ዓይኔ ሮስተሩን ሁሉ ከሩቅ አየው፤ ስሟ በየሴሚስተሩ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ። "ግን ሁልጊዜ አራተኛ አትውጪ ልጄ፣ ያስታውቃል። አንዳንዴ ሰባተኛ፣ አንዳንዴ ዘጠነኛ ውጪ።"

"እሺ እትዬ" አለች።